ከላስ ቬጋስ ወደ ዩማ በአርቪ፦ የት ይቆማል፣ ምን ይታያል፣ ድንበሩስ እንዴት ይታለፋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ላስ ቬጋስ የሚኖሩ አንድ አባወራ ከጥምቀት በኋላ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እናታቸውን ይዘው በ28 ጫማ የኪራይ አርቪ (መኝታ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያለው የጉዞ መኪና) ለ10 ቀን ወደ ዩማ፣ አሪዞና ሊወርዱ አስበዋል። እናትየው ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት አላቸው፤ ሜክሲኮ ተሻግረው ጥርሳቸውን መታየት ይፈልጋሉ። «አርቪውን የት እናቁመው? ይዘነው ድንበሩን መሻገርስ ይቻላል? ለ10 ቀን የሚበቃ የሚታይ ነገርስ አለ?» ይላሉ።

ከመሻገሩ ልጀምር። አርቪውን ይዘው ሜክሲኮ አይግቡ። የኪራይ ውሎች ባብዛኛው ይከለክላሉ፤ አብዛኛው የአሜሪካ የመኪና ኢንሹራንስም እዚያ ለሚደርስ አደጋ አይመልስልዎትም። ደግሞም አያስፈልግም፤ ሎስ አልጎዶኔስ፣ ማለትም የጥርስ ሐኪሞች የሞሉባት የሜክሲኮ ከተማ፣ ከድንበሩ በር በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ናት።

ሁለተኛው ምክሬ ከማቆሚያ ቦታው ምርጫ በላይ ጉዞውን ያቀልልዎታል፤ ትንሽ መኪና ይኑርዎት። ዩማና ዙሪያዋ ሲታዩ በየቀኑ ከ10 እስከ 60 ማይል መነዳት አለበት። ለእያንዳንዱ ጉዞ የውሃና የመብራት ገመድ ነቅሎ፣ ዕቃ ሰብስቦ፣ 28 ጫማ መኪና ይዞ ፓርኪንግ መፈለግ በሦስተኛው ቀን ያስመርራል። በኪራይ አርቪ ሌላ መኪና መጎተት ባብዛኛው ስለማይፈቀድ ባለቤትዎ የቤተሰቡን መኪና ይዘው ይከተሉ፤ ካልሆነም ዩማ ሲደርሱ ለሳምንት ትንሽ መኪና ይከራዩ።

መንገዱ

ከላስ ቬጋስ እስከ ዩማ በዩኤስ 95 ወደ 300 ማይል ነው፤ በኒድልስ፣ በብላይዝና በኳርትዝሳይት አድርጎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የእርስዎ ዓይነት አርቪ በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ስለሚሄድ ለአንድ ጉዞ ከ30 እስከ 38 ጋሎን ያሰላሉ። መንገዱ ካሊፎርኒያን ስለሚያቋርጥና እዚያ ነዳጅ ስለሚወደድ ቬጋስ ሞልተው ይውጡ፤ ቀጣዩን ኳርትዝሳይት ይቅዱ።

ከቪዳል መገናኛ እስከ ብላይዝ ያለው ክፍል የጎርፍ መውረጃዎችን እየተከተለ እንደ ማዕበል ይወጣል፣ ይወርዳል። በመኪና ደስ ይላል፤ በአርቪ ግን ቁም ሳጥን ይከፈታል፣ ሳህን ይወርዳል፣ የኋላው መከላከያም መሬት ሊነካ ይችላል። ከ50 ማይል በታች ይንዱ፤ የፍሪጁን በር መቆለፊያ ሳያረጋግጡ አይነሱ።

በጥር አጋማሽና መጨረሻ ኳርትዝሳይት ላይ ትልቁ የአርቪ ትርኢት ይካሄዳል፤ እጅግ ብዙ አርቪ በረሃው ላይ ይሰፍራል። ከጥምቀት ማግስት ከሆነ የሚነሱት ከዚህ ጋር ሊገጥምብዎ ስለሚችል ኳርትዝሳይትን በጠዋት ይለፏት።

ሲመለሱ ደግሞ ከዩማ ወደ ሰሜን በሚወጣው ዩኤስ 95 ላይ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ አለ። ዜግነት ይጠይቃሉ። ግሪን ካርድ ያለው 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ካርዱን ይዞ የመንቀሳቀስ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ስለዚህ እናትዎ ሜክሲኮ ባይሻገሩም እንኳ ካርዱ ቤት አይቀመጥም፤ ፎቶውም ምትክ አይሆንም።

የት ይቆማል?

ዩማ በክረምት ከሰሜን የሚወርዱ ጡረተኞች ከተማ ናት፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በጥር የቀኑ ሙቀት አማካይ 70 ፋራናይት አካባቢ፣ የሌሊቱ ከ45 እስከ 50 ነው፤ ዝናቡም በዓመት 3 ኢንች ገደማ ብቻ ነው። ይህ ለእርስዎ የሚያመጣው ችግር ግን አለ። ብዙዎቹ የአርቪ ፓርኮች ዕድሜው 55 ያልሞላ ሰው አይቀበሉም፤ ልጆችን ለአጭር ጉብኝት ካልሆነ አያሳድሩም። አንዳንዶቹም ከ10 ዓመት በላይ ያስቆጠረ አርቪ አያስገቡም። ስልክ ሲደውሉ ከዋጋው በፊት ልጆች ይፈቀዱ እንደሆነ ይጠይቁ። ቀጥሎ የቦታው ርዝመት 28 ጫማውንና መኪናውን ይይዝ እንደሆነ፣ ፍሳሹ ቦታው ድረስ የተዘረጋ መሆኑን፣ መብራቱ በቆጣሪ ይከፈል ወይስ በዋጋው ውስጥ ይካተት እንደሆነ ያጣሩ። ጥርና የካቲት ጫፉ ወቅት ስለሆነ በመስከረምና በጥቅምት ያልያዘ ሰው የተረፈውን ነው የሚወስደው። በምሥራቅ በኩል ያለው የፉትሂልስ ሰፈር ከከተማው ይልቅ ጸጥ ይላል፤ ዩማ የባሕር እግረኛ ጦር (ማሪን) አየር ጣቢያ ስላላት የተዋጊ ጄት ድምፅ ግን የትም ቢሆኑ ይሰማል።

ሁለተኛው አማራጭ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ፣ ቢኤልኤም፣ በኢምፔሪያል ግድብ አጠገብ የሚያስተዳድረው የረጅም ጊዜ ማደሪያ ነው። ከዩማ በስተሰሜን ምሥራቅ 20 ማይል ገደማ ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ስለሆነ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይቆጠራል። ወቅቱ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ሲሆን ክፍያው ለዓመታት ለ14 ቀን 40 ዶላር፣ ለሙሉው ወቅት 180 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፤ ከመሄድዎ በፊት የወቅቱን ዋጋ ያረጋግጡ። የሚጠጣ ውሃ፣ የፍሳሽ መድፊያና የጉድጓድ ሽንት ቤት አለ። መብራት የለም። የዕድሜ ገደብም የለም፤ ለልጆች ከሁሉም ይሻላል።

በኦጊልቢ መንገድ ዙሪያ በነጻ እስከ 14 ቀን የሚታደርበት የቢኤልኤም ሜዳም አለ። ውሃም፣ መድፊያም፣ ምንም የለውም፤ ለአምስት ሰው በኪራይ አርቪ አልመክረውም።

የእኔ ድልድል ይህ ነው። የመጀመሪያውን 6 ሌሊት መብራት፣ ውሃና ፍሳሽ ባለው ፓርክ ያሳልፉ፤ የእናትዎ የጥርስ ሕክምና በእነዚህ ቀናት ይለቅ። ጥርስ የተነቀለ ትልቅ ሰው የሞቀ ክፍልና የማያልቅ ውሃ ይፈልጋል። የመጨረሻውን 4 ሌሊት ኢምፔሪያል ግድብ ይደሩ፤ ልጆቹ የሚያስታውሱት እሱን ይሆናል።

መብራት፣ ውሃ፣ ፍሳሽ

28 ጫማ የኪራይ አርቪ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 30 አምፕ ነው። 30 አምፕ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። ተሰኪ ማሞቂያ 1,500፣ ማይክሮዌቭ እንዲሁ 1,500 ገደማ፣ የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ 1,400 አካባቢ ይወስዳል። ሦስቱ ባንድ ላይ ብሬከሩን ይጥሉታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘው ከሄዱም ብዙዎቹ ወደ 1,500 ዋት ስለሚስቡ እንጀራው እስኪያልቅ ማሞቂያው ይጠፋል፤ የውሃ ማሞቂያውን ደግሞ ወደ ጋዝ ያዙሩት። ምጣዱን በሳሎኑ ሶኬት ከሰኩት ከሌላ ሶኬቶች ጋር ባንድ የ15 አምፕ ብሬከር ላይ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይሁን። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ጭራሽ አይጠቀሙ።

አሰካኩ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሶኬቱን በዓይንዎ ይዩ፤ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ፣ ወይም መሰኪያው ላላ ብሎ ከተወዛወዘ ሌላ ቦታ ይጠይቁ፤ የላላ ግንኙነት ይግላል፣ ገመድዎንም ያቃጥላል። ከዚያ ምሰሶው ላይ ያለውን ብሬከር ያጥፉ። የቮልቴጅ መከላከያ መሣሪያውን ብቻውን ሰክተው ብሬከሩን ያብሩና ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። መሣሪያው «ምድር የለም» (የመሬት ሽቦ አልተገናኘም) ወይም «ሽቦ ተገላብጧል» የሚል ምልክት ካሳየ ቦታውን አይቀበሉ፤ የአርቪው አካል ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ደህና ከሆነ ብሬከሩን ያጥፉ፣ የአርቪውን ገመድ ይሰኩ፣ ከዚያ ብቻ መልሰው ያብሩ። የሚሰካ ነገር ሲሰካም ሲነቀልም ብሬከሩ የጠፋ ይሁን።

በጥር ሌሊት ፓርኩ ሁሉ ማሞቂያ ስለሚያበራ ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል። ከ108 ቮልት በላይ ከሆነ ምንም አይደለም። ወደ 104 ከወረደ ግን ሞተር ያለው ዕቃ ሁሉ፣ በተለይ የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር፣ የጎደለውን ቮልት በአምፕ ስለሚያካክስ ይግላል። ጥሩ መከላከያ መሣሪያ ራሱ ያቋርጠዋል፤ ርካሹ አያቋርጥም፣ የመብረቅ ብልጭታን ብቻ ነው የሚከላከለው። ኪራይ ቤቱ የትኛውን እንደሚሰጥዎ ይጠይቁ።

በውሃው በኩል የግፊት መቀነሻው ከቧንቧው ራስ ላይ ይታሰር እንጂ ከአርቪው በኩል አይሁን፤ አለበለዚያ ቱቦው ሙሉውን ግፊት ይሸከማል። ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይበቃል። ቱቦው ለመጠጥ የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ሰማያዊ ይሁን፤ የአትክልት ቱቦ ፀሐይ ሲያገኘው የፕላስቲክ ጣዕም ይሰጣል። የዩማ ውሃ ጨዋማና ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ለቡናና ለመጠጥ የታሸገ ይግዙ።

በፍሳሹ በኩል ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ፍሳሹ ስለተገናኘ ብለው የሽንት ቤቱን ታንክ ማውጫ ክፍት ይተዉታል። ፈሳሹ ወርዶ ያልቃል፣ ደረቁ ግን ከመጸዳጃው ስር እየተከመረ ይጠነክራል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ምንም ውሃ አይፈታውም። ማውጫው ተዘግቶ ይቆይ፤ ታንኩ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ባንድ ጊዜ ይልቀቁት፣ ግፊቱ ሁሉንም ጠርጎ ይወስዳል። ለአምስት ሰው ይህ በየሦስት አራት ቀኑ ይመጣል። መጀመሪያ የሽንት ቤቱ፣ ከዚያ የእጣቢው (የገላና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ) ታንክ ይለቀቅ፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። ለዚህ ሲባል ከመልቀቅዎ በፊት ባለው ቀን የእጣቢውንም ማውጫ ይዝጉት። ባዶው የሽንት ቤት ታንክ ውስጥ ሁለት ሦስት ጋሎን ውሃ ጨምረው ይጀምሩ፤ ደረቅ ታንክ ይሸታል። እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት፣ «ይሟሟል» ተብሎ ቢጻፍበትም፣ አይገባም።

ኢምፔሪያል ግድብ ሲሄዱ ስሌቱ ይለወጣል። ታንክዎ 40 ጋሎን ከያዘ፣ ለአምስት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 4 ጋሎን ቆጥበው እንኳ በሁለት ቀን ያልቃል። ውሃው እዚያው ስላለ 6 ጋሎን የሚይዙ ሁለት ሦስት ጄሪካኖች ይዘው በመኪና ይቅዱ፤ አርቪውን አያንቀሳቅሱ። የጋዝ ማሞቂያው በሰዓት 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) የሚያወጣ ከሆነ ባለ 20 ፓውንድ የፕሮፔን ሲሊንደር ሳያቋርጥ 14 ሰዓት ገደማ ያስኬደዋል። በዩማ ሌሊት የሚሠራው አልፎ አልፎ ስለሆነ ለአራት ሌሊት ሊያደርስ ይችላል። ቀድሞ የሚያልቀው ባትሪው ነው፤ የማሞቂያው ማራገቢያ 7 ወይም 8 አምፕ ይስባል፣ በሌሊት ግማሹን ሰዓት ቢሠራ እንኳ 30 አምፕ ሰዓት ይበላል። የተለመደው ባለ 100 አምፕ ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው። ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት ሁለት ሰዓት ጀነሬተር ያስነሱ፤ ከምሽቱ 10 እስከ ንጋቱ 6 ማስነሳት ስለማይፈቀድ በ10 ሰዓት ይጥፋ። ሰዓቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ኪራይ ቤቶች ጀነሬተርን በሰዓት ስለሚያስከፍሉ ውሉ ላይ ነጻ የሆነውን ሰዓት ይዩ። የምግብ ማብሰያውን እሳት ለማሞቂያ ብሎ ማንደድ ግን አይሞከርም፤ በተዘጋ አርቪ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።

ሎስ አልጎዶኔስ

ከዩማ በኢንተርስቴት 8 ወደ ምዕራብ ጥቂት ማይል ሄደው በመንገድ 186 ወደ ደቡብ ሲታጠፉ የአንድራዴ ኬላ ጋ ይደርሳሉ። ከበሩ በፊት የአካባቢው ነባር አሜሪካውያን የሆነው የኬቻን ሕዝብ በራሱ መሬት ላይ የሚያስተዳድረው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ከፍለው ያቁሙና በእግር ይለፉ። አንድ ወጥመድ አለ፤ አሪዞና ሰዓቷን አትቀይርም። በክረምት ዩማ ከካሊፎርኒያና ከአልጎዶኔስ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። የ9 ሰዓት ቀጠሮ በዩማ ሰዓት 10 ነው። ኬላው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ስላልሆነ የመዝጊያ ሰዓቱን ከጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይዩ። ዘግይተው ከቀሩ የሚቀርዎት መንገድ ሌሊቱን የሚሠራው የሳን ሉዊስ ኬላ ነው፤ በእግር ለመጣ ሰው ሩቅ ነው።

ስለ ሰነድ ግልጽ ልሁን። ሜክሲኮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ቪዛ አትጠይቅም፤ ግን ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ትጠይቃለች። ብዙ ወገኖቻችን ግሪን ካርድ ካገኙ በኋላ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን ማሳደስ ይረሳሉ፤ የእናትዎን ዛሬውኑ አውጥተው ይዩ፣ እድሳቱ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሲገቡ በሜክሲኮ በኩል ያለውን የኢሚግሬሽን መስኮት ሄደው ይመዝገቡ፤ ማንም አላስቆመኝም ብሎ ዝም ብሎ ማለፍ ለውጭ አገር ፓስፖርት ጥሩ አይደለም። ሲመለሱ ግሪን ካርዱ ይበቃል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ፓስፖርት ወይም የፓስፖርት ካርድ ይይዛል።

ከቤተሰቡ የጥገኝነት ጥያቄው ውሳኔ ያላገኘ ሰው ካለ ግን በሩን አይለፍ። አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ የወጣ ጠያቂ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል፤ አንድ ሰዓት ብቻ ቆየሁ ማለት አያድንም። በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የመጣ ዘመድም እንዲሁ ዩማ ይቅር።

ሕክምናው ላይ ደግሞ ጊዜ ይቆጥሩ። እጥበትና ሙሌት በአንድ ቀን ያልቃል። ዘውድ፣ ማለትም ክራውን፣ እንደ ላቦራቶሪው ከአንድ ቀን እስከ ሳምንት ይወስዳል። ኢምፕላንት በ10 ቀን አያልቅም፤ ብሎኑ አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ እስኪዋሐድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል፤ ሁለተኛ ጉዞ ማለት ነው። «በሁለት ቀን ሙሉ አፍ እንጨርሳለን» የሚልዎትን በጥርጣሬ ይዩት። ስለዚህ ምርመራው ሰኞ ይሁን፤ ሥራው ማክሰኞና ረቡዕ ካለቀ፣ የሚያሻክር ወይም የሚነካ ነገር ቢኖር ለማስተካከል ሐሙስና ዓርብ ይተርፍዎታል።

በሩን እንዳለፉ መንገድ ላይ እጅ የሚይዙ ደላሎች ይጠብቁዎታል፤ ኮሚሽናቸው ሂሳብዎ ላይ ይገባል። አስቀድመው ቀጠሮ ይያዙ። የሐኪሙን ሙሉ ስምና «ሴዱላ» የሚባለውን የሙያ ፈቃድ ቁጥር ይጠይቁ፤ በሜክሲኮ የትምህርት ሚኒስቴር የሕዝብ መዝገብ ላይ በነጻ ይፈለጋል፣ የተመዘገበበትን ሙያም ያሳያል። ኢምፕላንት የሚሠራው ሰው አጠቃላይ የጥርስ ሐኪም ብቻ ከሆነ ይህን የሚያውቁት እዚያ ነው። ከምርመራው በኋላ ወንበሩ ላይ እያሉ እሺ አይበሉ። የትኛው ጥርስ፣ ምን ሥራ፣ በምን ማቴሪያል፣ በስንት፣ ዋስትናው ስንት ዓመት የሚለውን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ራጁንም በፋይል ይጠይቁ። ቬጋስ ያለው ሐኪም ችግር ቢፈጠር መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እናትዎ የደም ማቅጠኛ ወይም የአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የራሳቸውን ሐኪም ያማክሩ፤ መድኃኒቱን በራሳቸው ፈቃድ ማቋረጥ ከመድማቱ የባሰ ሊሆን ይችላል።

የመመለሻው ሰልፍ በክረምት ከእኩለ ቀን በኋላ ይረዝማል፤ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆም ሊኖር ይችላል። በጠዋት ገብቶ ከእኩለ ቀን በፊት መውጣት፣ ወይም ወደ ማምሻው መመለስ ይሻላል። የምትታጠፍ ቀላል በርጩማ ለእናትዎ ይያዙ። የገዙትን መድኃኒት በሙሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይናገሩ፤ ለራስ የሚሆን፣ ከሦስት ወር የማይበልጥ መጠን ይሁን። የእንቅልፍና የሕመም ማስታገሻ የሆኑ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶችን አይግዙ። ፍራፍሬና ጥሬ ሥጋ ይወረሳል፤ ደብቆ የተገኘ ይቀጣል።

ምን ይታያል?

ዩማ ለምን እዚያ እንደተቆረቆረች ለመረዳት ከወንዙ ይጀምሩ። ኮሎራዶ ወንዝ እዚህ ከጊላ ወንዝ ጋር ከተገናኘ በኋላ በሁለት የጥቁር ድንጋይ ጉብታዎች መካከል ይጠብባል፤ በመቶዎች ማይል ውስጥ ከሁሉ የሚመቸው መሻገሪያ ይህ ነበር። አንዱ ጉብታ ላይ የቀድሞው የግዛቱ ወህኒ ቤት አለ። በ1876 ሰባት እስረኞች ተቀብሎ ተከፈተ፤ እስኪዘጋ እስከ 1909 ድረስ 3,069 ሰው ታስሮበታል፣ ከእነሱ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። 111 ሰው እዚያው ሞቷል። ክፍሎቹን ከድንጋዩ ፈልፍለው የሠሩት ራሳቸው እስረኞቹ ናቸው። ከተዘጋ በኋላ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ1910 እስከ 1914 ድረስ ተምሮበታል፤ የትምህርት ቤቱ ቡድን እስከ ዛሬ «ወንጀለኞቹ» ነው የሚባለው። ልጆች ይህንን ሲሰሙ ጨለማ ክፍሉን ከማየት እኩል ይደሰታሉ። ግቢው ጥላ የለውም፤ በጠዋት ይሂዱ።

ከስሩ የ1915 ድልድይ አለ፣ የታችኛውን ኮሎራዶ ያሻገረ የመጀመሪያው የመኪና ድልድይ ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ከ1864 ጀምሮ በእንፋሎት ጀልባ የመጣ ስንቅ ለደቡብ ምዕራቡ ጦር ሰፈሮች የሚከፋፈልበት መጋዘን በፓርክነት ተጠብቋል። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ውሃው የት እንደሚሄድ መከተል ግን ሌላ ግማሽ ቀን ይገባዋል። ላጉና ግድብ በ1909 ተጠናቀቀ፤ በኮሎራዶ ላይ የመጀመሪያው ነው። ከበላዩ በ1938 የተሠራው ኢምፔሪያል ግድብ ውሃውን ወደ ኦል አሜሪካን ቦይ ያዞረዋል፤ 80 ማይል በረሃ አቋርጦ የኢምፔሪያል ሸለቆን እርሻ የሚያጠጣው እሱ ነው። የተረፈውን በአልጎዶኔስ አጠገብ በ1950 የተገነባው የሞሬሎስ ግድብ ለሜክሲኮ እርሻ ይወስደዋል፤ ከዚያ በታች ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው።

ያ ውሃ ምን እንደሚያበቅል በጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በክረምት አሜሪካ የምትበላው ቅጠላ ቅጠል አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰላጣና ብሮኮሊ ይታጨዳል። ፎቶ ከመንገድ ዳር ያንሱ፤ ማሳው ውስጥ አይግቡ፣ በተለይ ከውሻ ጋር። በ2018 ከዚህ አካባቢ በወጣ ሮሜይን ሰላጣ የኢ ኮላይ ወረርሽኝ ተነሥቶ አምስት ሰው ሞቷል፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬዎቹ በብክለት ነገር ቀልድ አያውቁም።

ወንዙን ተሻግራችሁ ባርድ የምትባለው የካሊፎርኒያ መንደር ስትደርሱ የቴምር ደን ይቀበላችኋል። የመጅሁል ቴምር በ1927 ከሞሮኮ የመጣው በ11 ችግኝ ነበር፤ በኔቫዳ ለብቻ ተገልሎ ሲጠበቅ 9ኙ ተረፉ፣ የእነሱ ዘር በ1944 ባርድ ላይ ተተከለ። ለቀማው በመስከረምና በጥቅምት ስለሚካሄድ በጥር ዛፍ ላይ አያገኙትም፤ በእርሻ ሱቆቹ ግን በሳጥን ይሸጣል። ለስላሳውን ካልወደዱ ደረቅ ያለውን ደረጃ ይጠይቁ፤ ረከስ ይላል፣ ለመንገድም አይጣበቅም።

የአልጎዶኔስ አሸዋ ከዩማ በስተምዕራብ 45 ማይል ርዝመት አለው፤ አንዳንዱ ክምር 300 ጫማ ይደርሳል። ከኢንተርስቴት 8 በግሬይስ ዌል መውጫ ሲወርዱ ከ1916 እስከ 1926 መኪኖች አሸዋውን የተሻገሩበት የጣውላ መንገድ ቅሪት ይታያል። ለልጆች መንሸራተቻ ሰሌዳ ይዘው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በጠዋት ይሂዱ። ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ የአሸዋ መኪኖች ስለሚርመሰመሱ አደገኛ ነው፤ ነጂው ክምሩን ሽቅብ ሲወጣ ከጀርባው ያለውን ልጅ አያይም። ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ለሚቆሙና ለሚነዱ መኪኖች የቢኤልኤም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ ከተገዛ ይረክሳል። አርቪውን ከአስፋልትና ከጠጠር ማቆሚያው አያውጡ፤ አሸዋ ውስጥ የሰመጠ አርቪ ማስወጣት ከሳምንት ፓርክ ክፍያ ይበልጣል።

አንድ ረጅም ቀን ከተረፈ ወደ ሰሜን በመኪናዋ ይሂዱ። ካስል ዶም የብርና የእርሳስ ማዕድን ሲወጣባት የነበረች መንደር ናት፤ ዛሬ ሙዚየም ሆናለች። ከዚያ አልፎ በ1939 በተቋቋመው የኮፋ የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ ፓም ካንየን አለ፤ ከአስፋልቱ 7 ማይል የጠጠር መንገድ፣ ከዚያ ግማሽ ማይል ዳገት በእግር ሲሄዱ ገደል ስንጥቅ ውስጥ የበቀሉ ዘንባባዎች ይታያሉ። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ እናትዎ ከታች ሆነው ቢጠብቁ ይሻላል። በመሄጃው ላይ ግራና ቀኝ ያለው የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ሜዳ ነው፤ ያልፈነዳ ጥይት ስላለበት ለሽንት እንኳ ከመንገድ አይውጡ፣ ብረት ነገር አይንኩ።

አቧራ ያነሣ ነፋስ መንገድ ላይ ቢይዝዎ ከአስፋልቱ ፈጽመው ይውጡ፣ መብራት ሁሉ ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙና እግርዎን ከፍሬን ላይ ያንሱ። የኋላ መብራትዎ ከበራ ከኋላ የመጣው መኪና መንገዱ በዚያ ነው ብሎ ይከተልዎታል። ሰፈር ውስጥም ቢሆን የአርቪውን የጎን ዳስ (ጥላ የሚሰጠውን ጨርቅ) እንደተዘረጋ ትተው አይሂዱ፤ በአንድ የከሰዓት ነፋስ ይገነጠላል፣ ሂሳቡም የእርስዎ ነው።

የመጨረሻውን ጠዋት ከኢምፔሪያል ግድብ ሲነሡ ሁለቱንም ታንክ እዚያው መድፊያ ላይ ያራግፉ፤ ያልተራገፈ ታንክ ኪራይ ቤቶች በተለይ ያስከፍላሉ። ነዳጁን ግን ቬጋስ ገብተው ይሙሉት፤ ጀነሬተሩም ከዚያው ታንክ ስለሚጠጣ የማስረከቢያው መጠን ከጠበቁት በታች ሊሆን ይችላል።